ከቤቴ ስድስት እርምጃ ላይ ተዘግቶ ስለሚያልፈው በር

ለተከበሩ የባቡር አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ይህች ደብዳቤ በምትደርስዎ ሰዓት ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ቢሮዎም ነፋሻ ሆኖ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በተለይ ስለ ዓይንዎ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ባለፉት አሥራ አንድ ወራት ከላክሁልዎ አሥር ደብዳቤዎች ዘጠኙ መልስ ሳያገኙ ሲቀሩ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው አንብቦ ዝም ይላል ብዬ ማሰብ ስለከበደኝ፣ ዓይንዎን አሞዎት መሆን አለበት ብዬ ሰግቻለሁ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። የምጽፍልዎ ከራስዎ ባቡር፣ ከመጨረሻው ፉርጎ፣ በስተግራ ካለው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነው። ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢንጋደድብዎ ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን የሐዲዱ መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ።

መዝገብ ቤትዎ «ያ የብስክሌቱ ሰውዬ» እያለ የሚያውቀኝ ቢሆንም፣ ለወጉ ያህል ራሴን ላስተዋውቅ። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እጅጌና ኮሌታ ስለካ እውላለሁ። እኛ ዘንድ እጅጌው ሁለት ጣት ቢያጥር ሸሚዙ ይመለሳል እንጂ የለባሹ ክንድ አይቆረጥም። የእርስዎ ድርጅት በዚህ ረገድ ከእኛ የረቀቀ አሠራር እንዳለው ከዚህ በታች በዝርዝር እገልጻለሁ።

ቤቴ ከመጨረሻው ጣቢያ በፊት ካለችው ትንሽ ጣቢያ አጠገብ ነው። አጠገብ ስል እያጋነንኩ አይደለም፤ በግቢያችን አጥርና በሐዲዱ መካከል ያለው ስድስት እርምጃ ጠጠር ብቻ ነው። ጠዋት ብስክሌቴን ይዤ በባቡር ወደ ከተማ እሄዳለሁ። ከከተማው ጣቢያ እስከ ፋብሪካው ያለውን አውቶቡስ የማይደርስበት ሰባት ኪሎ ሜትር ደግሞ በብስክሌት እጨርሳለሁ። ማታም እንዲሁ። ከእኛ በፊት ባለው ጣቢያ ወርጄ የቀረውን ልጋልብ እንዳልል በመካከል ወንዝ አለ፣ ድልድዩም የባቡር ብቻ ነው። በመኪናው መንገድ ልዙር ካልኩ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል።

እቤት ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና አባቴ። አባቴ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን ነገር ይረሳል። ቁርስ መብላቱን ይረሳል። አንዳንዴ የእናቴን መሞትም ይረሳና ሲነግሩት እንደ አዲስ መርዶ ይሆንበታል። ቀን ቀን ጎረቤታችን ትጠብቅልኛለች፤ እሷ ደግሞ ማታ ማታ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት መውጣት አለባት። ባቡርዎ ጣቢያችን የሚደርሰው በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ነው። ክቡርነትዎ እንደሚመለከቱት ኑሯችን የቆመው በአሥር ደቂቃ ላይ ነበር። ቢሆንም ቆሞ ነበር።

ከዚያ እርስዎ ደግ አሰቡልን። ሦስት ፉርጎ የነበረው ባቡር ሲያጨናንቀን አሳዝነንዎ አራተኛ ጨመሩልን። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ አዲሱ ፉርጎም ለብስክሌት ተጓዦች ተመደበ። በዕለቱ ቆመው ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። እጆቼን ዛሬም አልፎ አልፎ እታዘባቸዋለሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ አንዱን ከሌላው መለየት ስላቃተኝ፣ አንድ ላይ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ መድረኩ። የጣቢያችን መሳፈሪያ መድረክ የሚበቃው ለሦስት ፉርጎ ነው። ባቡሩ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ እንዳይቆም ከፊቱ የምልክት መብራት ተተክሏል። ስለዚህ አራተኛው ፉርጎ ከመድረኩ ውጪ፣ ጠጠር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከፊቱ መድረክ የሌለው በር ደግሞ በመመሪያዎ መሠረት አይከፈትም። እኔም ብስክሌቴን አቅፌ ከተዘጋው በር ጀርባ እቆማለሁ። ባቡሩ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ሌላውን ሁሉ ያወርድና እኔን ይዞኝ ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ሃያ ደቂቃ እዚያ ተገትሮ፣ ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ። ሲመለስ የኋላው ፉርጎ የፊት ስለሚሆን በሩ መድረኩ ላይ ወለል ብሎ ይከፈታል። በአሥራ አንድ ከሃምሳ ደጄ ደርሼ በአሥራ ሁለት ከሃምሳ ቤቴ እገባለሁ ማለት ነው፤ እስከዚያ ጎረቤታችን ሥራዋን እያረፈደች ትጠብቅልኛለች። ጠዋትም እንደዚሁ ፉርጎው ከፊት ስለሆነ ችግር የለም። ከቤቴ ለመውጣት በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የተከለከልኩት መግባት ብቻ ነው።

ፉርጎው ማታ የሚቆመው ልክ ከአጥራችን ፊት ለፊት ነው። አባቴ የባቡሩን ሰዓት አይረሳም። ሌላውን ሁሉ የረሳ ሰው ይህን እንዴት ይዞ እንደቀረ አላውቅም፤ ብቻ በየቀኑ በአሥራ አንድ ከሃምሳ ኮቱን ለብሶ አጥሩ ሥር ይቆማል። እኔ ከመስታወቱ በዚህ፣ እሱ ከአጥሩ በዚያ። የኮቱን ቁልፍ በየትኛው ቀዳዳ አሳስቶ እንደቆለፈ ሳይቀር ይታየኛል። ያየኛል፣ ይስቃል፣ እጁን ያነሣል። ከዚያ ባቡሩ ይንቀሳቀሳል። እኔም በጣቴ አየር ላይ ክብ እሠራለታለሁ፤ «ዞሬ እመጣለሁ» ማለቴ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን እቤት ቁጭ አድርጌ ክቡን ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። «እሺ፣ ገብቶኛል» ይላል፤ በማግስቱ የለም። ለእሱ በየቀኑ ልጁ ዓይኑ እያየ ጥሎት ይሄዳል። ጎረቤታችን እንደነገረችኝ ባቡሩ ሲርቅ ወደ እሷ ዞሮ «ምን አድርጌው ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ይህንን ከነገረችኝ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ጋር ተኳርፏል።

2ኛ. ለደህንነቴ ስለተደረገልኝ ጥንቃቄ። ከአራተኛው ወደ ሦስተኛው ፉርጎ የሚያሳልፍ በር አለ። ተቆልፎ «ለደህንነትዎ ሲባል» የሚል ተለጥፎበታል። እንዲህ ሆኖ ሳለ በድምፅ ማጉያው የተቀዳችው ሴት፣ ጉሮሮዋ አይድረቅና፣ በየቀኑ ጣቢያችን ስንደርስ «በመጨረሻው ፉርጎ የምትገኙ ውድ መንገደኞች፣ እባካችሁ በሦስተኛው ፉርጎ በር በኩል ውረዱ» ትለናለች። ውድ መባሌ ደስ ቢለኝም በተቆለፈ በር እንዴት እንደሚወረድ ግን እስካሁን አልነገረችንም። ብስክሌቴን ይዤ ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ ለመግባት የሞከርኩ ዕለት ትኬት ተቆጣጣሪዋ መመሪያ ጠቅሳ አስወረደችኝ። የፊት ጎማውን ፈትቼ በሌላ ቀን ብመጣ፣ ፊቷ ላይ ኀዘን እየተነበበ፣ «ወንድሜ፣ አንድ ጎማ ያለውም ብስክሌት ነው» አለችኝ። ሴትዮዋን አልተቀየምኳትም፤ ከደብዳቤዬ በኋለኛው ክፍል ስለ እርሷ የምለው አለኝ።

አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ የአደጋ ጊዜ መያዣውን ሳብኩ። ባቡሩ ቀጥ አለ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። መያዣው ባቡር ለማቆም እንጂ ሰው ለማውረድ የተሠራ አለመሆኑን ያን ዕለት ተማርኩ። እስኪጣራ ድረስ አርባ ደቂቃ በራችን ላይ ቆመን፣ አባቴ ከአጥሩ ሥር እያየኝ፣ እኔ እያየሁት፣ ከዚያ የተለመደውን ዙር ዞረን ገባሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎም በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። የድርጅትዎ ፖስታ ፍጥነት ከባቡሩ መብለጡን በዚሁ አጋጣሚ ሳላደንቅ አላልፍም።

ፉርጎው ውስጥ ብቻዬን እንዳልሆንኩም ላሳውቅዎ። የብስክሌቱን ፔዳል እየዘወረ ቢላ የሚስል አንድ የሰፈራችን ሰው አለ፤ እኛ «ስለት» እንለዋለን። እሱ መቃወም ከተወ ቆይቷል። ትንሽ ትራስ ይዞ ይመጣና ከወንዙ ወዲህ ጀምሮ ይተኛል። እኔ በሩን ስደበድብ አንድ ዓይኑን ገልጦ «ተው ባክህ፣ ሰው አትቀስቅስ» ይለኛል። መጀመሪያ እንቀው ነበር፤ ኋላ ግን መቅናት ጀመርኩ።

3ኛ. ስለ ብስክሌት ማቆሚያው። ብስክሌቱን ለምን እከተማው ጣቢያ አቁመህ ባዶ እጅህን አትመጣም የሚል ቅን ሐሳብ ከድርጅትዎ መስኮት ቁጥር አራት ተሰጥቶኝ ሞክሬዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ብስክሌቴ የለም። ሌቦች አልወሰዱትም፤ የወሰዱት የእርስዎ ሠራተኞች ናቸው። ለካ ከመሸ በኋላ የቆመ ብስክሌት በመመሪያው «ባለቤቱ የጣለው ንብረት» ነው። አልጣልኩትም ብዬ ለማሳመን አራት ቀን ፈጀብኝ፤ አራቱን ቀን ሰባት ኪሎ ሜትሩን በእግሬ እየሄድኩ ሥራ አረፈድኩ።

4ኛ. ስለ ቢሮዎችዎ ትብብር። የመድረክ ክፍል መድረኩ ትክክል ነው፣ የረዘመው ባቡሩ ነው አለኝ። የፉርጎ ክፍል ፉርጎው ትክክል ነው፣ ያጠረው መድረኩ ነው አለኝ። ሁለቱም ክፍሎች አንድ ኮሪደር ላይ በር ለበር መሆናቸውንና ሻይ አብረው መጠጣታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። ተስፋ ቆርጬ መመሪያው ላይ አንድ ቃል ብቻ ይቀየርልኝ አልኩ፤ «ብስክሌት በመጨረሻው ፉርጎ» የሚለው ከከተማ ሲወጣ «በመጀመሪያው ፉርጎ» ይባል። የመመሪያ ክፍሉ ኃላፊ በሐሳቡ በጣም ተደስተው እጄን ጨበጡኝ። ቀጥለውም «ችግሩ፣ ተለጣፊው ታትሞ አልቋል» አሉኝ።

5ኛ. ይህኛው በእርስዎ ላይ የቀረበ ቅሬታ አይደለም፤ የሆነውን ልንገርዎ። በስድስተኛው ወር አንድ ማታ አባቴ አጥሩ ሥር አልነበረም። ጎረቤታችን ያን ዕለት በጊዜ ግቢ ተብላ እያዘነች ቀደም ብላ ሄዳለች። ባቡሩ እኔን ይዞ ሲያልፍ አባቴ በአጥሩ ክፍተት ወጥቶ ሐዲዱን ይዞ ተከተለኝ። በመስኮት ወደ ኋላ ሳይ ኮቱ እየተውለበለበ በጠጠሩ ላይ ሲሮጥ አየሁት። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ይሮጣል። መስታወቱን በጡጫ መታሁት፤ ጮህኩ፤ ስለት ከእንቅልፉ ባንኖ ተነሥቶ አብሮኝ ጮኸ። ማንም አልሰማም። በመጨረሻው ጣቢያ ወርጄ ብለምንም ባቡሩ ከሰዓቱ በፊት አይነሣም ተብዬ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ አባቴ በሐዲድ ላይ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ሄጄ ተመለስኩ። እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩት ትዕግሥት ኖሮኝ ሳይሆን የሚይዘው ስላጣ ነው። ስደርስ ሐዲድ የሚፈትሽ አንድ ሠራተኛዎ አግኝቶት፣ ጃኬቱን አልብሶት፣ ደጃችን ላይ አብሮት ተቀምጦ ጠበቀኝ። ያንን ሠራተኛ ዕድገት ይስጡት። ድርጅትዎ ውስጥ እንዴት እንደተቀጠረም ቢያጣሩ አይከፋም።

ታላቅ እህቴ ይህን ሰማች። የምትኖረው ከከተማ ተነሥቶ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ በሚያስኬድ አገር ነው። በስልክ አልቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከአሥራ ሁለት በፊት ቤትህ የምትገባ ከሆነ አባባ ካንተ ጋር ይቆይ። ካልሆነ መጥቼ እወስደዋለሁ። ሐዲድ ላይ ወድቆ ተገኘ የሚል ስልክ አልጠብቅም» አለች። ምን ብዬ ልከራከራት? ልክ ነበረች። አባቴ ግን ያንን ቤት በገዛ እጁ ነው የገነባው፤ ከዚያ ወጥቶ የትም አድሮ አያውቅም። ሌላው ሁሉ ቢጠፋበት የማብሪያ ማጥፊያውን ቦታ እጁ ያውቀዋል። የሰው ቤት ቢወስዱት የቀረችውንም እንደሚረሳት፣ እኔንም ጭምር እንደሚረሳኝ ስለማውቅ፣ አሥረኛዋን ደብዳቤ ጻፍኩልዎ። አልዋሽዎትም፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነበር የጻፍኩት።

6ኛ. ስለ ክቡር ኮሚቴው። ለዚያች ደብዳቤ መልስ አገኘሁ! ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ጉዳዩን በአካል ሊያጣራ፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሶና ሜትር ይዞ፣ በማታው ባቡር መጣ። የተሳፈረውም፣ ወንበር እንደልብ ስለሚገኝበት፣ በመጨረሻው ፉርጎ ነበር። ሳያቸው በደስታ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኳቸው እንጂ አላስጠነቀቅኳቸውም። እንዴት ላስጠንቅቅ? እስከዚያ ቀን ያላገኘሁትን ምስክር በሩ ራሱ ሊሰጠኝ ነው ብዬ ነበር።

ጣቢያችን ስንደርስ ሰብሳቢው ተነሡ፣ ሰደርያቸውን አስተካከሉ፣ በሩ ፊት ቆሙ። በሩ አልተከፈተም። አባቴ ከአጥሩ ማዶ እጁን ሲያነሣ ሰብሳቢውም ደግ ሰው ናቸውና አጸፋውን መለሱለት። ባቡሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ጉዳዩን ሳስረዳ ቆየሁ። መቼስ የሚያዳምጠኝ ሰው የትም ሊሄድ አይችልም። ሰብሳቢው በመጨረሻው ጣቢያ ሻይ ጠጥተው ትንሽ ሲረጋጉ «ወንድሜ፣ እኛ የመጣነው መድረክ ልንለካ እንጂ በር ልናይ አይደለም» አሉኝ። ስንመለስ ፉርጎው ከፊት ሆነ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሦስቱም ወረዱ፣ ለኩ፣ ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት የሪፖርታቸው ግልባጭ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፤ «የኮሚቴው አባላት በተጠቀሰው ጣቢያ ከብስክሌት ፉርጎው ያለ አንዳች ችግር በአካል ወርደው አረጋግጠዋል። ስለዚህ ቅሬታው መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል።» ክቡርነትዎ፣ ውሸት እንዳይመስልዎ። ቃል በቃል እውነት ነው፤ ወርደዋል።

7ኛ. ያለ ፈቃድ ስለተሠራው ግንባታ። ሪፖርቱን ያነበብኩ ዕለት ራት ላይ ለማንም ሳይሆን ለራሴ «መድረኩ አሥራ አራት እርምጃ ነው ያጠረው፤ ለአሥራ አራት እርምጃ!» አልኩ። አባቴ ከሳህኑ ቀና አለና «ማን ነው የለካው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያ ድምፅ ሲናገር ከሰማሁት ዓመታት ሆኖኝ ነበር፤ ሠራተኛ የሚያዝበት ድምፁ ነው።

በማግስቱ የግንበኛ ማንኪያውን፣ ቱምቢውንና ውሃ ልኩን ከአልጋው ሥር አወጣ። ከጓሯችን የፈረሰ ግንብ ጡብ እያነሣ፣ ባቡር በማያልፍበት ሰዓት ብቻ፣ በአጥሩ ክፍተት እየወጣ ጠጠሩ ላይ መገንባት ጀመረ። ጎረቤታችን መጀመሪያ ከለከለችው፤ ሁለተኛ ቀን ጡብ አቀበለችው። እኔ ደግሞ በየማታው በመስታወቱ ውስጥ ሳልፍ ከትናንት አንድ ረድፍ ከፍ ብሎ አገኘው ነበር። ዝም ብዬ ባይ ጥፋተኛ እንደምሆን አውቃለሁ፤ ዝም አልኩ። ጠዋት ሲነሣ አባቴ ሥራውን አያስታውሰውም። አጥሩ ጋ ሄዶ ያየውና፣ ይዳብሰውና፣ «ይኼን የሠራው ሰውዬ ሥራ ያውቃል» ይላል። ከዚያ ሰውዬው የተወውን ሊጨርስለት ማንኪያውን ያነሣል። ሃያ ሁለት ቀን እንዲህ ሠራ። አሥራ አራት እርምጃ አልሞላም፤ ለአንድ በር የምትበቃ፣ ሦስት ደረጃ ያላት መቆሚያ ናት። ከፍታዋን በምን እንደለካው አላውቅም፤ ከበሩ ደፍ ጋር ልክ ለልክ ነበረች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ባቡሩ ሲቆም አባቴ መቆሚያው ላይ ኮቱን ለብሶ ቆሞ እጁን ዘርግቶልኛል። በመካከላችን ያለው በሩ ብቻ ነው። ያን ዕለት ትኬት ተቆጣጣሪዋ እኛ ፉርጎ ውስጥ ነበረች። አባቴን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ከወገቧ ቁልፍ አወጣችና በሩን ከፈተችው። ስለት ትራሱን እንደታቀፈ ወረደ። እኔ ብስክሌቴን ይዤ ወረድኩ። አባቴ እጄን ይዞ «ዛሬ በጊዜ መጣህ» አለኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ አንድ ነበር። ጎረቤታችን አልቅሳ ሥራዋ ሄደች፤ እኛም ፀሐይ ሳትጠልቅ ራት በላን። ክቡርነትዎ፣ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ብስክሌቴን ይዤ በጊዜ ቤቴ የገባሁባት ማታ ያቺ አንዲት ናት፤ በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለአሥራ አራት እርምጃ አሥራ አንድ ወር ያልበቃው ድርጅትዎ ለሦስት ደረጃ ከአንድ ሌሊት በላይ አልፈጀበትም። ሰባት ሠራተኛ፣ አንድ ማፍረሻ ማሽንና አንድ ማስጠንቀቂያ በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደረሱ፤ አንዲት ደቂቃ አላሳለፉም። የሆነውን የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት። አባቴ አጥሩ ሥር ቆሞ የሠራተኞቹን አለቃ «ምን ጎደለው?» ብሎ ጠየቀው። «ፈቃድ የለውም አባቴ» አለው አለቃው። «ግንቡ ግን ቀጥ ያለ ነው» አለ አባቴ። አለቃው ውሃ ልኩን ተቀብሎ አስቀምጦ አየና «አዎ፣ ቀጥ ያለ ነው» አለው። ከዚያ አፈረሱት። ትኬት ተቆጣጣሪዋም ወደ ሌላ መሥመር ተዛወረች፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ፣ ምክንያቱ «በር ያለ አግባብ በመክፈት» የሚል ነው አሉ።

ስምንተኛ ቁጥር የለኝም።

እህቴ ባለፈው እሑድ መጥታ አባቴን ወሰደችው። አልፈርድባትም። ዓመቱ አልቋል፣ እኔም በጊዜ አልገባሁም። ሻንጣውን አዘጋጀሁለት፤ ማንኪያውን ከልብሶቹ መካከል ደብቄ ከተትኩለት። ወደ ከተማ የሚሄደው የጠዋቱ ባቡር በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸውና ገቡ። ከመድረኩ ተሰናብቻቸው በሩጫ ወደ ግቢያችን ዞርኩ፤ ባቡሩ ሲሄድ በአጥራችን በኩል እንደሚያልፍ አውቃለሁና። እሱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆምኩ። መጣ። አባቴ መስታወቱ ጋ ተቀምጧል። አየኝ፤ ሳቀ፤ ከዚያም ጣቱን አነሣና አየር ላይ ክብ ሠራልኝ።

አሥራ አንድ ወር ሳስተምረው አንድም ቀን ያልያዘው መስሎኝ ነበር።

ባቡሩ በዕለቱ ዞሮ ተመለሰ፤ በሰዓቱ። አባቴ አልነበረበትም። እኔም ይኸው ዛሬም በመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ነኝ። ስለት የትራሱን ግማሽ ለቆልኛል፤ አሁን በሩን መደብደብ ትቻለሁ። ክቡርነትዎ ከመንገደኞችዎ የሚፈልጉት ጸጥታ ይህ ከነበረ እነሆ አግኝተውታል።

በሩን ሳይከፍትልኝ በየቀኑ ደጄን ለሚያልፈው ባቡርዎ፣ ታትሞ ላለቀው ተለጣፊዎ፣ ሜትሩን ይዞ ደጄን ላለፈው ኮሚቴዎ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎም ወደ ቤትዎ በገቡ ቁጥር በሩ በጊዜ እንዲከፈትልዎ፣ የሚወዱትም ሰው ከስድስት እርምጃ በላይ እንዳይርቅብዎ የምመኝ፣

ታዛዥ መንገደኛዎ
ጨርቅ ቆራጩ፣ በመዝገብዎ «የብስክሌቱ ሰውዬ»

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ትናንት ከቢሮዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ኮሚቴው ጉዳዩን እንደገና በአካል ለማጣራት በሚመጣው ሳምንት በማታው ባቡር እንደሚመጣ ይገልጻል። እባክዎ በዚህኛው ጊዜ በፊተኛው ፉርጎ እንዲሳፈሩ ይንገሯቸው። ሰብሳቢው በልማዳቸው ከኋላ ተሳፍረው በመስኮት እጃቸውን ለሰላምታ ቢያነሡ ግን፣ አጥሩ ሥር አጸፋ የሚመልስላቸው ሰው ስለሌለ ቅር እንዳይላቸው።